የሠላሳ ሁለት ቀን መበለት፤ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ

ለዘንድሮው የት/ቤታችን መጽሔት የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፈን እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፤ የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ነገሥታትንና የጦር መሪዎችን መረጡ። እኔ የመረጥሁት አልጋ ላይ የተቀመጡ፤ ነገር ግን ምንም ያላዘዙባትን አንዲት እቴጌ ነው። ምርጫዬ ከየት እንደ መጣ ሳልናገር ብጀምር አንባቢዎቼ የሚገርማቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚያ ልነሣ።

ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን ስለ ሂማላያ ተራራ አገሮች ሲያስተምሩን በኔፓልና በህንድ ስለ ነበረ አንድ ልማድ ነገሩን። ባል ሲሞት ሬሳው በእንጨት ክምር ላይ ይቃጠላል፤ ሚስቲቱም በሕይወት ሳለች ከዚያው ክምር ላይ ወጥታ አብራው ትቃጠላለች። ልማዱ ሳቲ ይባላል። ቃሉ መጀመሪያ ደግና ታማኝ ሴት ማለት ነው ቢሉን እኔን ከእሳቱ ይልቅ ይህ ትርጉሙ አስደነገጠኝ። በቤንጋል የእንግሊዙ ገዥ ሎርድ ቤንቲንክ ልማዱን በሕግ የከለከለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በፊት ራም ሞሐን ሮይ የተባለ የአገሩ ተወላጅ ብዙ ዓመት ሲከራከርበት ቆይቷል። ኔፓል ግን ለብቻዋ የቆመች መንግሥት ስለ ነበረች ይህ ሕግ አልነካትም። ጁንግ ባሃዱር የተባለው ኃይለኛ ጠቅላይ ሚኒስትሯ በ1850 ሎንዶንንና ፓሪስን አይቶ የተመለሰ ሰው ነበረ፤ ይሁን እንጂ እሱ በ1877 በሞተ ጊዜ ሦስት ሚስቶቹ ከሬሳው ጋር ተቃጠሉ። በኔፓል ልማዱ ፈጽሞ የተከለከለው በ1920፤ ማለት በእኛ በ1912 ዓ.ም. ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከጓደኞቼ አንዱ እኛ አገር እንዲህ ያለ አረመኔነት ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም አልተከራከርሁም፤ እውነቱን ነውና። በአገራችን መበለትን በእሳት ያቃጠለ ማንም የለም። ይሁን እንጂ ወደ ቤት ስመለስ ሐሳቡ አብሮኝ መጣ። አባቴ በሕመም ከሞተ ያን ጊዜ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። እናቴ ጸጉሯን ተላጭታ፤ ፊቷን ነጭታ፤ ከል ለብሳ ከምድጃው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። እህል አትበላም። ለልቅሶ የሚመጡት ዘመዶችም ይህን አይተው ያመሰግኗት ነበር እንጂ አልተቈጧትም፤ ባሏን የምትወድ ሴት እንዲህ ናት እያሉ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ከዚህ በፊት በቀዬአቸው ባሏን ተከትላ በአርባው ስለ ሞተች ሴት ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሲያወሩም እንደ ቅዱስ ነገር በአክብሮት ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ማንም እሳት አልለኮሰም፤ እናቴ ግን በየቀኑ እየቀነሰች ትሄድ ነበር።

ባሏን ተከትላ የሞተች ታዋቂ ሴት በታሪካችን አለችን ብዬ መፈለግ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ያገኘኋቸውም የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት፤ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው።

እቴጌ ጥሩወርቅ የተወለዱት ከሰሜን መሳፍንት ቤት ነው። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንን፤ ከ1823 ዓ.ም. በኋላም ትግራይን ጭምር የገዙ ታላቅ መስፍን ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ላቂያዬ ይባላሉ። የአጎታቸው የራስ ብጡል ልጅ ደግሞ ኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሚስት የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለት እቴጌዎች የወንድማማች ልጆች ናቸው ማለት ነው። ጥሩወርቅ በዚያ ቤት ሲያድጉ ማንበብ ተምረዋል። በዘመኑ ለሴት ልጅ ይህ ብዙ አይገኝም ነበር፤ እርሳቸው ግን ዳዊት የሚደግሙ፤ ጾምና ጸሎት የሚያበዙ፤ ሐሳባቸውም ወደ ምንኵስና ያዘነበለ ወጣት እንደ ነበሩ ይተረካል።

አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ያስቡ ነበር። ለዚህም ደረስጌ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በሥራውም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ረዳቸው። ለዘውዱ በዓል የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ ከቋራ የተነሣው ደጃዝማች ካሣ ደረሰባቸው። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ውቤም ተሸንፈው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ካሣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፤ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ሰው ቤት ሠርቶ ሌላ ሲገባበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ጥሩወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእስረኛ ልጅ ሆኑ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ሚስት ነበራቸው። የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ይባላሉ፤ ንጉሡም እጅግ ይወዷቸው ነበር። ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ሲሞቱ ንጉሠ ነገሥቱ በጣም አዘኑ፤ ጠባያቸውም ከዚያ ወዲህ እንደ ተለወጠ የጻፉት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሐዘኑ ምንም ቢበረታ ሚስቱን ተከትሎ ይሙት፤ ወይም ይመንኵስ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከሁለተኛይቱ ሚስት ልጅ ተወለደላቸው። ይህን የምለው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ሐዘን ለወንድና ለሴት በአንድ ሚዛን እንዳልተለካ ለማመልከት ብቻ ነው።

ስለ ሁለተኛው ጋብቻ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አንዲት ወይዘሮ ዳዊቷን ዘርግታ ስትጸልይ ያያሉ፤ እርሷም ጸሎቷን ትታ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ማን ናት ብለው ቢጠይቁ የውቤ ልጅ ናት ተባሉ። ጥሩወርቅ ጋብቻውን መጀመሪያ አልፈለጉትም። በኋላ ግን የአባታቸው ሰንሰለት ይፈታ ዘንድ እሺ አሉ ይባላል። ውቤም ከጋብቻው በኋላ ለጊዜው ተፈቱ፤ ግን ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ታሰሩ። እንዲህ ከሆነ ልጅቱ የከፈሉት ዋጋ በከንቱ ቀረ።

ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። ጥሩወርቅ በዘራቸው የሚኮሩ ነበሩ፤ ንጉሡም ይህን ያውቁ ነበር። በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቴዎድሮስ ጠላቶች እርሳቸውን ሲሰድቡ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሏቸው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ያለ ባል ቀርተው በጎንደር በችግር ሲኖሩ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ስለሚባል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ስድብ የተባለው ነገር አንዲት ብቸኛ ሴት ለመኖር የሠራችው ሥራ ነው። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እያለቀሰች ብትሞት ኖሮ የሚሰድባት አልነበረም። ተነሥታ ገበያ ስለ ወጣች ግን ልጇ ዘውድ ከደፋ በኋላ እንኳ ስሟ መሰደቢያ ሆነ። እናቴ ባለፈው ክረምት ማር መነገድ በጀመረች ጊዜ አንዳንድ ዘመዶች ፊታቸውን ሲያጠቍሩ ባየሁ ቁጥር ይህችን ኮሶ ሻጭ አስባት ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለዱ። ንጉሡና እቴጌዪቱ ግን እየተራራቁ ሄዱ። ንጉሡ ይተመኙ የምትባል የየጁ ሴት ወደዱ፤ እቴጌዪቱም ከልጃቸው ጋር በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። መቅደላ በዚያን ዘመን ግምጃ ቤትም፤ ወህኒ ቤትም ነበረች። የአገር መሳፍንትና ባላባቶች በሰንሰለት የታሰሩት እዚያ ነው፤ በኋላም እንግሊዛውያኑ ቆንስላ ካሜሮንና መልእክተኛው ራሳም ከሌሎች ፈረንጆች ጋር እዚያ ታሰሩ። ደጃዝማች ውቤም ከመቅደላ ጦርነት አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከእስር ሳይወጡ ሞቱ። እቴጌዪቱ በአሳሪውና በታሳሪው መካከል፤ የአንዱ ሚስት የሌላው ልጅ ሆነው ኖሩ። እኔ ስለ እርሳቸው ከማውቀው ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ከመሞታቸው ይልቅ።

የእኛ አገር ዋግም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። የዋግ ገዥዎች ዋግሹሞች ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንወርዳለን የሚሉ፤ በአገሩም የተከበሩ ናቸው፤ ከሰቆጣ አጠገብ ባለችው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሄደ ሰው የአንዳንዶቹን አፅም በሣጥን ውስጥ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእነዚህ አንዱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሏቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ በዚህ ደም ተነሥተው ሸፈቱ፤ ዋግንና ላስታን ይዘውም እየበረቱ ሄዱ። ስለዚህ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር መሪነት ዙላ ላይ ወርዶ፤ 44 ዝሆኖች አስከትሎ በእንጣሎና በአሸንጌ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ፤ ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም። አባታቸውን የሰቀለን ንጉሥ ለመከላከል ምክንያት አልነበራቸውም። የሰቆጣ ልጅ እንደ መሆኔ ይህን ስጽፍ ግማሽ ልቤ ወደ ጎበዜ፤ ግማሽ ልቤ ወደ አገሬ ይሳባል፤ ስለዚህ ፍርዱን ከእኔ ለሚበልጡ ትቼ አልፋለሁ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፤ የስቅለት ዕለት፤ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዞች ግን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጥሩወርቅ ታረቁ ይላሉ በቦታው የነበሩት ፈረንጆች። ብዙ ዓመት ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንደ ተባባሉ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሚያዝያ 6 ቀን፤ በፋሲካ ማግስት፤ እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ።

በዚያች ቀን እቴጌ ጥሩወርቅ መበለት ሆኑ። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሊሞላው የቀረው ዐሥር ቀን ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በአገራችን ባል ሲሞት ልቅሶ አለ፤ ድንኳን አለ፤ አልቃሽ አለች፤ ሣልስት፤ ሰባት፤ አርባ ይወጣል። ሐዘንተኛዋን ሴት ሰው ይከባታል፤ ውኃ ያስቀምሷታል፤ ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዝ አለ። ልማዳችን ይህን ያህል ያውቃል። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ባላቸው ሲሞት ዙሪያቸውን የከበባቸው በባዕድ ቋንቋ የሚናገር፤ ዕቃ የሚዘርፍ ወታደር ነው። እርሳቸውና ልጃቸው በዚያ ግርግር ውስጥ እንዳይጎዱ ጠባቂ ተደረገላቸው። የንጉሡ ሬሳ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ። ከዚያም አምባው ላይ የነበረው ሁሉ ተለቀመ፤ መጻሕፍቱ፤ ታቦታቱ፤ ዘውዱ፤ ጽዋው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው በእሳት ተቃጠለ። ስለ ሳቲ ሳነብ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው፤ እዚህም እሳት ነበረ፤ የነደደው ግን ቤቱ ነው፤ ሴቲቱ ወጥታ በመንገድ ላይ ነበረች።

እንግሊዞች ሲመለሱ እቴጌዪቱንና ልዑሉን ይዘው ሄዱ። አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የሚባል ረጅም መኮንን ጠባቂ ሆኖ ተመደበ፤ ዓለማየሁም በጣም ወደደው። መንገዱ በላስታና በዋግ ዳር አድርጎ ወደ አሸንጌ ሐይቅ፤ ከዚያም ወደ እንደርታ የሚሄድ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ያንን ተራራ የወጣና የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን ፀሐይ፤ ማታ ብርድ፤ ማታ ማታም ድንገት የሚጥል በልግ። እቴጌ ጥሩወርቅ የሳንባ በሽታ ነበረባቸው። ደክመው ነበር። ሐሳባቸው መጀመሪያ ወደ አባታቸው አገር ወደ ሰሜን ለመግባት እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ግን አልደረሱበትም። ሐይቅ ሐለት በተባለው ሰፈር ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥጋቸውም ወደ ጨለቆት ሥላሴ ተወስዶ ተቀበረ። ያች ቤተ ክርስቲያን ራስ ወልደ ሥላሴ ያሠሯት ናት፤ ከመቀሌ ሩቅ አይደለችም።

ከሚያዝያ 6 እስከ ግንቦት 8 ቢቈጠር 32 ቀን ይሆናል። የባላቸው አርባ አልወጣም ነበር።

እንግዲህ ባላቸውን ተከትለው ሞቱ እንበል? እኔም ፍለጋዬን የጀመርሁት ይህን ለማለት ነበር፤ የቀዬው አሮጊት እንዳወሩላት ሴት ያለ የታሪክ ምስክር ላገኝ። ባገላበጥሁት ቁጥር ግን እምቢ አለኝ። የገደላቸው በሽታ ነው፤ በሽታውን ያበረታው መንገድ፤ መንገዱን ያመጣው ጦርነት ነው። እናት ስለ ነበሩ ለመኖር ምክንያት አልጎደላቸውም፤ በመጨረሻም አደራ ያሉት ልጃቸውን ነው። ሰው ግን ሴት በባሏ ማግስት ስትሞት ሐኪም አይጠይቅም፤ ፍቅር ነው ይላል፤ ሬሳዋንም አመስግኖ ይቀብራል። በዚህ ብቻ እኛና የኔፓሎቹ ትንሽ ሳንመሳሰል አንቀርም።

ልዩነታችንን ደግሞ መደበቅ አይገባም። በአማራና በአገው አገር ሴት ከአባቷም ከእናቷም ርስት ትካፈል ነበር፤ ባል ቢሞት ወይም ቢፋቱ መሬቷ ከእርሷ ጋር ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መበለት የምትቆምበት መሬት ያላት እንደ ሆነ ማንም በቀላሉ ወደ እሳት አይገፋትም። እቴጌ ምንትዋብ ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው፤ ቍስቋምን አሠርተው ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። የእቴጌ ጥሩወርቅ ዘመድ እቴጌ ጣይቱም ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም በጸሎት ተወስነው አራት ዓመት ቆይተዋል። ዛሬም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ከ180 ቀን በኋላ ማግባት ትችላለች ይላል፤ ቀኑ የተቀመጠውም ለሐዘን ሳይሆን የሚወለደው ልጅ የማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት በስድስት ወር ማን ያገባል ብላ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

የዋጓን መበለትም ሳላነሣ ብቀር የአገሬ ሰዎች ይቆጡኛል። ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሦስት ዓመት ነገሡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ፤ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ እኅት ናቸው። ካሣ እንግሊዞች ሲሄዱ የተዉለትን መድፍና ጠመንጃ ይዞ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አማቹን አሸነፈ፤ እርሱም ዐፄ ዮሐንስ ተባለ። ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ። ድንቅነሽም የተሸነፈው ሚስት፤ ያሸነፈው እኅት ሆነው ቀሩ። ከጥሩወርቅ ዕጣ ጋር እንዴት ተመሳሰለ! የአንዷ አሳሪ ባሏ፤ የሌላይቱ አሳሪ ወንድሟ።

ስለ ዓለማየሁ በአጭሩ ልናገር፤ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተጽፏልና። እናቱ ከሞቱ በኋላ አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ቢኖሩም ልጁ ከእርሳቸው ተለይቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዩት፤ አዘኑለትም፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተላከ፤ በየትኛውም ደስ አላለውም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሊድስ በተባለች ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ዕድሜው 18 ነበር፤ እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ። አፅሙ እንዲመለስ የተደረገው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ተከልክሏል። እናቱ በጨለቆት፤ አባቱ መጀመሪያ በመቅደላ፤ ልጁ በዊንድዘር ተቀበሩ። ሦስት ሰው በሦስት አገር የተበተነበት ቤተሰብ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መቅደላ የወደቀችበት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፤ ሎንዶን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከዚያ የመጡ ዕቃዎችን ለሕዝብ አሳየ። ከእነዚህ መካከል የእቴጌዪቱ ነበረ የሚባል ጥልፍ ያለው የጥጥ ቀሚስና የአንገት ጌጥ ይገኝ ነበር። እንግሊዞች ጥሩነሽ እያሉ ጽፈዋቸዋል። ፎቶግራፉን መምህራችን አሳይተውኛል። ሰውነቱ ጠፍቶ ልብሱ መቆየቱ እንግዳ ነገር ነው፤ ለመልበስ የተሰፋ ሆኖ ሳለ በመስተዋት ውስጥ ተንጠልጥሎ።

ይህን ጽሑፍ ለመምህሬ ከማስረከቤ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። ጊዜው የሻደይ ሰሞን ነበር። በሰቆጣ ልጃገረዶች ሻደዩን በወገባቸው አስረው እየዘፈኑ በየቤቱ ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜኑ አገራችን ከሆነው ጦርነት ወዲህ በከተማችን ጥቁር የለበሱት እናቶች ብዙ ስለሆኑ፤ በሻደይ ነጩና ጥቁሩ ልብስ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋል። እናቴም ከሉን አላወለቀችም ነበር። ሙት ዓመቱ ወጥቶ፤ ተዝካሩም ተደግሶ ካለቀ በኋላ እንኳ ታወልቂያለሽ ወይስ ቆብ ትጭኛለሽ እያሉ የሚጠይቋት አልጠፉም፤ እርሷም ለማንም መልስ አልሰጠችም።

አንብቤ ስጨርስ ስለ ንጉሡ ምንም አልጠየቀችኝም። ስለ እንግሊዝም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ እቴጌዪቱን ያስታመማቸው ማን እንደ ነበረ ነው፤ ያን መመለስ አልቻልሁም። ቀጥላም ያ በፈረንጅ አገር የቀረው ቀሚስ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ ብላ ጠየቀችኝ። ነጭ ነው አልኳት። ጥልፉስ? እኔም በፎቶግራፉ ያየሁትን ያህል ነገርኋት። ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያም ልጆቹ በራችን ላይ ደርሰው ስለ ነበረ ለእነሱ የምትሰጠውን ፈልጋ ተነሣች።